የጓሮው ክፍል ደንብ

ብርዱ ገባ ማለት በዚያ ቤት ሲስተር ሥልጣን ያዙ ማለት ነው። በሌላው ጊዜ እንደማንኛውም አማት ናቸው፤ ጋዜጣቸውን ያነባሉ፣ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ይላሉ፣ ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ እንዳሉ ያንጎላጃሉ። የጉንፋን ወራት ሲመጣ ግን ሠላሳ አራት ዓመት በሆስፒታል ያገለገሉት ነርስ ከጡረታ ይመለሳሉ። ማንም አይጠራቸውም፤ በራሳቸው ነው የሚመጡት።

ምራታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሚያይ የስፌት መኪናዋን እዚያ ተክላ እዚያው ትውላለች። ከአማቷ ጋር ዘጠኝ ዓመት ባንድ ጣራ ሥር ኖራለች። ይሄ ነው የሚባል ጠብ የላቸውም፤ ይሄ ነው የሚባል ፍቅርም የላቸውም። ባሏ “እማዬ” ስለሚላቸው እሷም “እማዬ” ትላቸዋለች። እሳቸው “ልጄ” ይሏታል፤ በሆስፒታሉም በሽተኛውን ሁሉ “ልጄ” ነበር የሚሉት፣ ሽማግሌውንም ጭምር።

በዚያ ዓመት ጉንፋኑን ያስገባው ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ የሲስተር አንድ ልጅ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል፣ ቀኑን ሙሉ ከሚያስል ተሳፋሪ ጋር አንድ አየር ሲስብ የሚውል የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። ጠዋት ደህና ወጥቶ ቀትር ላይ ወገቡን ቆረጠመው፤ ብርድ ብርድ አለው፤ ተደግፎ ቤት ገባ።

“እኔ አለቀልኝ” አለ።

“ሠላሳ ዘጠኝ ከሁለት ነህ” አሉት እናቱ ቴርሞሜትሩን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው። “አለቀልኝ የሚባለው በሌላ ቁጥር ነው።”

ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው አስረዷት። ተራ ጉንፋን ቀስ እያለ ይመጣል፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይደፍናል፣ ሰውየው እያጉረመረመም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። ባንድ ቀን መትቶ አልጋ ላይ የሚጥለው፣ አጥንት የሚቆረጥመው፣ ትኩሳቱ ጣራ የሚነካው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ይህን ብለው ደንቡን አወጡ።

ደንቡ የታወቀ ነው። የታመመ ሰው ጓሮ በኩል ወዳለው ክፍል ይገባል። ኩባያው፣ ማንኪያው፣ ፎጣው ለብቻው ይሆናል። የክፍሉ መስኮት ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል። ምግቡ በሩ ሥር ባለች በርጩማ ላይ ይቀመጥና ይንኳኳል፤ ያመጣው ሰው ዞር ካለ በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው። ወደ ውስጥ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይገባል፣ ሲወጣ እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠባል። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ሙሉ ቀን ሳይመለስ ካልዋለ በቀር ማንም ከዚያ ክፍል አይወጣም። የሚገባው ሰው ሲስተር ራሳቸው ናቸው። የቤተሰቡ ሁሉ ሙቀት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየተለካ መስመር በተሰመረበት ደብተር ይሰፍራል፤ ደብተሩንም የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

ሹፌሩ ውስጥ ሆኖ ይነጫነጫል። “ካቻምና የተረፈ አንቲባዮቲክ አልነበረም እንዴ? ስጡኝና ልገላገል።”

“እሱ ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። ያንተ ቫይረስ ነው። ሌባ ገባ ተብሎ እሳት አደጋ አይጠራም። ውሃህን ጠጣ፣ ተኛ።”

“ቢያንስ ቶሎ ቶሎ አትምጪብኝ። በቀን ስድስት ጊዜ ነው እኮ የምትገቢው!”

ሲስተር ስድስት ጊዜ መግባታቸውን አልተዉም።

ልብስ ሰፊዋ በበኩሏ መስኮቷ ላይ “ቤት ውስጥ ጉንፋን አለ፤ ልብስ በመስኮት እንቀበላለን” የሚል ወረቀት ለጠፈች። አንዱ ደንበኛ አንብቦ ሲያበቃ የሚጠብለትን ሱሪ በጃንጥላው ጫፍ አንጠልጥሎ አቀበላት። ሌላዋ ደግሞ “እኔን አይዘኝም” ብላ አንገቷን ወደ ውስጥ ስታስገባ ሲስተር ከኋላ ብቅ ብለው “አይያዝሽ ይሆናል፤ ይዘሽ ግን ለእናትሽ ትወስጂላታለሽ” አሏት። ሴትየዋ አንገቷን መለሰች።

በአራተኛው ቀን ትንሿ ልጃቸው ተከተለችው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር ስለሌለ ቤቱ “እመት ለምን” ይላታል። እሷን ግን ጓሮ አላስገቧትም። “ልጅ ብቻውን አይተኛም” አሉ ሲስተር፤ ልብስ ሰፊዋ ደንቡ ሲላላ ያየችው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እናት አፏን ሸፍና ከልጇ ጋር እንድትሆን ተፈቀደላት።

“አያቴ፣ እየተቃጠልኩ ለምን ይበርደኛል?”

“ሰውነትሽ ምድጃውን ከፍ አድርጎት ነው፤ ያልተጠራውን እንግዳ ለማባረር።”

“እንግዳው ለምን ገባ?”

“አባትሽ በሩን ከፍቶለት።”

ልጅቱ አስታወከች፤ መጠጣት እምቢ አለች። ሲስተር ውሃውን በማንኪያ በየአምስት ደቂቃው ጠብ ጠብ ማድረግን ለእናቷ አሳዩ፤ ስንት ጊዜ ሽንት እንደሸናች ጠየቁ። ከዚያ ሌላ ነገር አስተማሯት፤ የልጅቱን ካናቴራ ገልጠው፣ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ፣ የደረቷን ከፍና ዝቅ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። “ትኩሳት በኪኒን ይታለላል፤ ትንፋሽ ግን አይታለልም” አሉ። “ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ጎኗ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ወይ ስትቀሰቅሻት አልነቃ ካለችሽ ቴርሞሜትሩን ጣዪና ወደ ሐኪም ሩጪ። አገግማ ትኩሳቱ እንደገና ከተመለሰም እንደዚያው።”

ከዚህ አንዱም አልሆነም። በታመመች በሦስተኛው ቀን እመት ለምን ሾርባው ለምን ቢጫ እንደሆነ ጠየቀች፤ ቤተሰቡም ዳነች አለ። ሹፌሩም ከጓሮ ወጣ፤ ሥራ ለመግባት ሁለት ቀን ቀረው። ደብተሩ ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የሲስተር መስመር እንደሆነ መጀመሪያውኑም ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ሠላሳ ስድስት ከስድስት፣ ሠላሳ ስድስት ከአምስት፣ ሠላሳ ስድስት ከስድስት። ሁለት በሽተኛ ያስታመመች የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት እንዴት አንድም ቀን አላስነጠሳትም ብሎ ማንም አልጠየቀም። ቴርሞሜትሩን የያዘውን ሰው ማን ይለካዋል?

ለሲስተር ቀሚስ እየተሰፋላቸው ነበር። አብረዋቸው የተመረቁት ነርሶች፣ ከሞት የተረፉት ማለት ነው፣ በወሩ መጨረሻ ሊገናኙ ቀጠሮ ነበራቸው። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋ ሲቃለልላት ልክ እንዲያዩ ጠራቻቸውና መስኮቱ ዘንድ አቆመቻቸው። አፏን ሸፍናለች፤ እሳቸውም ሸፍነዋል። ትከሻውን በስፒል ያዘች፣ ወደ አንገቱ ዞረች። አንገቱ አልቀመጥ አለ። ትሰካዋለች፣ ይነሳል፤ ትሰካዋለች፣ ይነሳል። የቆረጠችው ጨርቅ አልነበረም ያስቸገራት፤ ሥራዋን ታውቀዋለች። ተነቃናቂው ከጨርቁ ሥር ያለው ሰውነት ነው። በየትንፋሹ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል፤ ከአንገታቸው ሥር ያለው ጉድጓድ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል።

“አንዴ ትንፋሽ ይያዙልኝ፣ እማዬ።”

ሊይዙ ሞከሩ፤ ወዲያው ሳል አጣደፋቸው። ልብስ ሰፊዋ ጀርባቸውን ልትደግፍ እጇን ስታሳርፍ የቀሚሱ ጨርቅ ከካውያ ሥር የወጣ ይመስል ነበር። እጇን ሳታነሳ ቆየች።

“ያተኩስዎታል።”

“ቤቱ ሞቆ ነው። ሁለት በሽተኛ አዳንኩና አሁን እኔን በሽተኛ ልታደርጊኝ? ነይ፣ ለኪ!” ቴርሞሜትሩን ከኪሳቸው አውጥተው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሲጮህ ሳያዩት ሰጧት። ሠላሳ ሰባት ከሁለት ይላል። “አየሽ? አሁን ስፒልሽን አንሺ፤ ደከመኝ።”

ደከመኝ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ቀሚሱን ተቀብላ ወደ መድኃኒቱ ሳጥን ሄደች። ልጅቱ የምትወስደው ሽሮፕ ነው፤ ሹፌሩ ኪኒን ከተወ ሦስት ቀኑ። ያኔ ስድስት ፍሬ የነበረበት ማሸጊያ አሁን አንድ ቀርቶታል። ሌላው ማሸጊያ ባዶውን ከጥጡ ሥር ተሸጉጧል። ተመልሳ ስትመጣ ሲስተር ወንበሩ ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል፣ መሸፈኛቸው ወደ አገጫቸው ወርዶ አፋቸው ተከፍቷል፤ ከንፈራቸው ከወትሮው ይጠቁራል። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ቀና ብላ፣ ራሳቸው እንዳስተማሯት አድርጋ፣ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ሠላሳ አንድ። አልዋጥልሽ ሲላት ደግማ ቆጠረች። ሠላሳ ሁለት።

ቀሰቀሰቻቸው፤ ነቁላት፤ የቀኑን ስምም በትክክል ነገሯት። ያን ጊዜ ፍርሃቷ ወደ ንዴት ተለወጠ።

“ስንት ቀንዎ ነው?”

ሲስተር መሸፈኛቸውን ወደ አፍንጫቸው መለሱ።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እኛን ብቻ ነው እንዴ የሚመለከተው? ኪኒኑን እየዋጡ ነው ሠላሳ ስድስት እያሉ የሚጽፉት? ለልጄ አያት እንድትኖራት ነው እኮ የምፈልገው፤ ደብተር አይደለም!”

“አራት ቀኔ ነው” አሉ ሲስተር በመጨረሻ። “አትጩኺ፤ ልጁ ይሰማል።” ልጁ የሚሉት የአርባ አንድ ዓመቱን ሹፌር ነው፤ ወዲያኛው ክፍል ከልጅቱ ጋር ነበር። “አፌን ሳልሸፍን አልቀረብኳችሁም። ኩባያዬንም ለይቻለሁ። እናንተን የሚጎዳ ነገር አላደረግኩም።”

“ታዲያ ለምን ደበቁ?”

“ታምሜ ያን ክፍል አልገባም።”

“ማን ይግቡ አለዎት?”

“ደንቡ ነዋ።”

አረፍተ ነገር በትንፋሽ እየተቆረጠባቸው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚተርኩ ያህል ነገሯት። ሹፌሩ ያኔ የሦስት ወር ሕፃን ነበር። አባቱ ከሥራ ታሞ መጣ፤ ልክ እንደዚህ፣ ባንድ ቀን ተመትቶ። በሆስፒታሉ በዚያ ወር ስንት ሕፃን በዚህ በሽታ ሲታፈን አይተዋል፤ ስለዚህ አባትየውን ጓሮ አስገቡት።

“ምግቡን አስቀምጬ አንኳኩቼ ዞር እላለሁ። ‘በሩን አትክፈቺው፣ እዚያው ቁጭ በይና አውሪኝ፣ ድምፅሽን ብቻ’ ይለኛል። ልጁ ያለቅሳል፤ ማጥባት አለብኝ፤ የሚታጠብ ልብስ አለ። ‘ነገ’ እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን ምሳውን ላስቀምጥ ስሄድ ቁርሱ እንዳለ ነበር።”

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹ እጇ ላይ ቀርተዋል። “ሆስፒታል ነው የሞቱት አይደል የሚባለው?”

“ለልጁ እንደዚያ ብዬዋለሁ።”

“ሕፃኑስ? አልታመመም?”

“አንድ ቀን አላስነጠሰም። ደንቡ ልክ ነበር” አሉ ሲስተር። “እሱ ነው እኮ የሚያንገበግበኝ። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ እጥለው ነበር።”

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ጠርታ “እናትህ ታመዋል፤ ከልጅቱ ጋር ሁን” አለችው፤ ሌላውን አልነገረችውም። ታክሲ ጠራች፤ የታክሲውን አራት መስኮት አስከፍታ አማቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጣታቸው ላይ የደም ኦክስጅን የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ሲቆነጥጥ ሲስተር ቁጥሩን ከእሱ ቀድመው አነበቡት። ዘጠና አንድ። ሳንባቸውን አዳመጠ። ቫይረሱ በከፈተው በር ባክቴሪያ ተከትሎ ገብቷል አለ፤ አሁን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ባዶ አልጋ ስላልነበረ ኦክስጅን አድርጎላቸው እስከ አመሻሹ አቆያቸው። መለኪያው ዘጠና አምስት ላይ ሲረጋ መድኃኒቱን ጻፈና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

“ከሌላው ቤተሰብ ይለዩ። ብቻቸውን ግን እንዳይሆኑ። ትንፋሻቸውን የሚቆጥር፣ ውሃ የሚያቀብል አንድ ሰው ይኑር። ከሠላሳ ካለፈ ወይ ግራ ከተጋቡ ሰዓት ሳትመርጡ አምጧቸው።”

በመንገድ ላይ ሲስተር ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። “ይለዩ፤ ብቻቸውንም አይሁኑ” አሉ። “የዘመኑ ሐኪም። ሁለቱ ባንድ ላይ እንዴት ይሆናል?”

ልብስ ሰፊዋ እሱን ስታስብ ነበር የመጣችው። ቤት እንደገባች የልኬት ሜትሯን አንስታ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች። አልጋውን እስከ መስኮቱ ገፋችው፤ ከትራሱ እስከ በሩ ደፍ ለካች። ሁለት ሜትር ከአርባ። ሹፌሩን ጠርታ የስፌት መኪናዋን ከፊተኛው ክፍል አስነሳችውና በሩ ደፍ ላይ አስተከለችው። በሩ አይዘጋም፤ ከመስኮቱ የሚገባው አየር ከአልጋው በላይ አልፎ በኮሪደሩ በኩል በጓሮ በር ይወጣል። የሚሰፋላቸው ደንበኞች ሁለት ሳምንት ይታገሡ ተባለ።

ሲስተር ክፍሉ በር ላይ ደርሰው ቆሙ። ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ አላጣደፈቻቸውም፣ አላባበለቻቸውም። አፏን ሸፍና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመረች። ሲስተር በመኪናውና በመቃኑ መሀል ባለችው ክፍተት በጎን አልፈው ገቡ።

ልብስ ሰፊዋ ወሬ አዋቂ አይደለችም። የመጀመሪያውን ቀን አብዛኛውን መኪናዋ ነው ያወራው። በየሁለት ሰዓቱ ትቆጥራለች፤ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ስድስት። ደብተሩ ላይ ትጽፈዋለች፤ ሲስተር “አሳዪኝ” ይላሉ፣ ከሩቅ ታሳያቸዋለች፣ “ስድስትሽ ዜሮ ይመስላል” ይሏታል። በሁለተኛው ቀን በየዓመቱ “አንድ ቁጥር አጥብቢልኝ” ስለምትላት ደንበኛዋ ነገረቻቸው፤ ሴትየዋ ሳታውቅ ቀሚሱን በየዓመቱ አንድ ቁጥር እንደምታሰፋላትም ነገረቻቸው። ሲስተር ሳቁና ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲተዋቸው “ቀጥዪ” አሉ። እመት ለምን ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ሆና “ለምን ይስቃሉ?” ብላ ጮኸች።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ሃያ አንድ ነበር። ጸሐይ መስኮቱ ላይ ደርሳለች። ልብስ ሰፊዋ የራሳቸውን የሲስተርን ቀሚስ ገበር እየሰፋች ሳለ ተኝተዋል ያለቻቸው አማቷ ጣራ ጣራውን እያዩ ተናገሩ።

“አባቱ እንዲህ ቢደረግለት ኖሮ ይድን ነበር ትያለሽ?”

እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። የሚያጽናና መልስ ፈለገች፤ ለእኚህ ሴትዮ ግን የውሸት ቁጥር መስጠት አልሆነላትም።

“አላውቅም፣ እማዬ።”

“እኔ አውቃለሁ። አይድንም ነበር። ሳንባው አልቆ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚደረግ ነገርም አልነበረም።” ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “በሩ ላይ መቀመጥ ግን እችል ነበር።”

ከዚያ አለቀሱ። ሠላሳ አራት ዓመት በሰው አልጋ ራስጌ ቆመው ያላለቀሱትን አለቀሱ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንኳ አላዞሩም። ልብስ ሰፊዋ የራሷም ዓይን ሞላ። በፊተኛው ክፍል መስኮት በኩል አንድ ደንበኛ “ቤቶች!” እያለ ደጋግሞ ይጣራል። አልመለሰችለትም፤ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልቅሶው እስኪወጣላቸው ድረስ እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች።